ሁለቱ የፓርኪንግ ጥበቃዎች

ዋሽንግተን መሐል ከተማ የሌሊት ፓርኪንግ ስሠራ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቡዟ ጠባብ ናት፤ አንድ ወንበር፣ እግር ሥር የምትቀመጥ ማሞቂያ፣ ቲኬት የሚያነብ ማሽን፣ ከፊቴ ደግሞ አሥራ ስድስት ቦታ የተከፈለ ስክሪን። መግቢያው፣ ሊፍቱ፣ ደረጃው፣ የታችኛው ፎቅ ጨለማ ጥግ ሳይቀር ከወንበሬ ሳልነሳ ይታየኛል። ሰዎች ካሜራ እንዳለ ያውቃሉ፤ ግን ይረሱታል። መሪ ላይ ተደፍተው የሚያለቅሱ አሉ። ሊፍት እየጠበቁ ለአለቃቸው የሚናገሩትን የሚለማመዱ አሉ። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኔን ዞር አደርግ ነበር። ሲቆይ ለመድኩት። ሌሊቱ ረጅም ነው፤ ዓይን ደግሞ ከቆመ መኪና ይልቅ የሚንቀሳቀስ ሰው ይመርጣል።

ከዚህ የጀመርኩት ስለ አንድ ፊልም መጻፍ ስለፈለግሁ ነው። ያንን ፊልም የተረዳሁት እዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ነውና ወንበሩን ሳልናገር ፊልሙን መናገር አልችልም።

«ዘ ትሩማን ሾው» በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። መጀመሪያ ያየሁት አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት፣ መደገፊያ የሌለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ተዋናዩ ጂም ካሪ ስለሆነ ፊቱን እያጣመመ ሊያስቀን ነው ብለን ገባን። ግማሹ ሰው «ይሄ ምኑ ያስቃል» እያለ ሳያልቅ ወጣ። እኔ ልጁ ያመልጣል አያመልጥም የሚለው ነገር ይዞኝ እስከ መጨረሻው ቆየሁ። ሲያመልጥ የቀረነው አጨበጨብን። ጥሩ ፊልም ነው ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ትዝ ብሎኝም አያውቅም።

ሁለተኛ ጊዜ ያየሁት ባለፈው የካቲት እዚሁ ቡዝ ውስጥ፣ ስልኬን ከማሽኑ ጎን አስደግፌ ነው።

ላላየው ሰው ታሪኩ እንዲህ ነው። ትሩማንን ከልጅነቱ አንድ ኩባንያ በማደጎ ወስዶታል፤ ለቴሌቪዥን። የሚኖርበት ከተማ፣ ባሕሩ፣ ሰማዩ ሁሉ በአንድ ግዙፍ ጣራ ሥር የተሠራ ስቱዲዮ ነው። አምስት ሺህ ካሜራ ሌት ተቀን ይከተለዋል። እናቱ፣ ሚስቱ፣ የልብ ጓደኛው ሁሉም ተዋንያን ናቸው፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ስርጭቱ 10,909ኛ ቀኑን ይዟል፤ ልጁ ሠላሳ ሊሞላው ነው። የማስታወቂያ ዕረፍት የሚባል ነገር የለም፤ ማስታወቂያው ኑሮው ውስጥ ገብቷል። ባል ተጨንቆ፣ ራሱን ሊስት ደርሶ በሚጮህበት ሰዓት ሚስቱ የካካዎ ጣሳ ታነሳና ፈገግ ብላ ስለ ጣዕሙ ታወራለች። «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ይላታል። አስቡት፣ ሚስትህ በጭንቅህ ሰዓት ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ለማታየው ሰው ስትስቅ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያመኝ ግን የድልድዩ ቦታ ነው። ሌሊት ነው። ትሩማን ነገሩ ሁሉ እንግዳ ሆኖበት፣ አብዶ እንደሆነ ለማወቅ ወደ ልጅነት ጓደኛው ወደ ማርሎን ሄዷል። እግራቸውን አንጠልጥለው ቢራ ይዘው ተቀምጠዋል። ማርሎን ዓይኑ እንባ አቅርሮ «በዓለም ላይ የማላደርገው ነገር ቢኖር አንተን መዋሸት ነው» ይለዋል። ካሜራው ዞር ሲል ግን ያንን ቃል በጆሮው የሚያቀብለው የፕሮግራሙ ፈጣሪ ክሪስቶፍ መሆኑን እናያለን። ሰውየው እዚያ ላይ ሆኖ ቃሉን በቀስታ ይናገራል፣ ጓደኛ ተብዬው ይደግመዋል፣ ትሩማን ያምናል። የፊልሙ ዳይሬክተር ፒተር ዊር ይህን ያለ ጩኸት ነው ያሳየን። ክሪስቶፍን የተጫወተው ኤድ ሃሪስ ፊቱ ላይ የክፋት ምልክት የለም። ልጁን ይወደዋል። ይህን ሁሉ ዓመት ልጁን ወደደው እንጂ አልጠላውም፤ ችግሩም ያ ነው።

ከዚያ ተመልካቾቹ አሉ። ፊልሙ እየደጋገመ ወደ እነሱ ይመለሳል፤ መጠጥ ቤት ተሰብስበው የሚያዩ፣ ገንዳ ውስጥ ተኝቶ የሚያይ ሰውዬ፣ የትሩማን ምስል ያለበት ትራስ አቅፈው የሚያዩ ሁለት አሮጊቶች። እና ሁለት የፓርኪንግ ጥበቃዎች። አዲስ አበባ ሳየው እነዚህን ሁለት ሰዎች ልብ አላልኳቸውም ነበር። አሁን ግን ልክ እንደ እኔ ጠባብ ቡዝ፣ ልክ እንደ እኔ ዩኒፎርም፣ ልክ እንደ እኔ ሌሊት። ገና ሲመጡ ልቤ ደነገጠ።

ትሩማን በስተመጨረሻ በጀልባ ይወጣል። ክሪስቶፍ ማዕበል አስነስቶ ሊያሰጥመው ምንም አይቀረውም። ከማዕበሉ ሲተርፍ የጀልባው አፍንጫ ሰማዩን ይበሳዋል፤ ሰማዩ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው። ትሩማን በእጁ ይዳስሰዋል፣ ይደበድበዋል፣ ከዚያ ደረጃ ያገኛል፣ በር ያገኛል፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ይወጣል። ዓለም ሁሉ በደስታ ያብዳል። ሰው ከሰው ጋር ይተቃቀፋል። ሁለቱ ጥበቃዎችም ይጮሃሉ። ደስታቸው የእውነት ነው፤ ይህን ማንም እንዲጠራጠር አልፈልግም። ከዚያ ስርጭቱ ይቋረጣል። ስክሪኑ ባዶ ይሆናል። ጥበቃዎቹ ፒዛቸውን ይዘው ትንሽ ዝም ይሉና አንዱ «ሌላ ምን አለ?» ይላል። ሌላው «እስቲ ሌላ ምን እንዳለ እንይ» ይላል። የፕሮግራም መጽሔቷን ይፈልጋሉ። ፊልሙ በዚያው አለቀ።

ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ሌሊት ሌሊት የአንዲት ልጅ ላይቭ፣ በስልክ የሚተላለፍ የቀጥታ ስርጭት፣ እከታተል ነበር። ዓረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ የእኛ ልጅ ናት። ስሟን አልጠራም። አሠሪዎቿ ሲተኙ ኩሽና ውስጥ መሬት ላይ ትቀመጣለች፣ ጀርባዋን ፍሪጁ ላይ ትደገፋለች፣ ስልኳን የሩዝ ጆንያ ላይ ታቆማለች፣ ከዚያ ትዘፍናለች። ድምፅዋን አፍና፣ በሹክሹክታ። የፍሪጁ ሞተር ሲነሳ ትንሽ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፣ ሞተሩ ሲጠፋ ዝቅ ታደርጋለች። መጀመሪያ መቶ ሰው አንሞላም ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ሺዎች ሆንን። ሁላችንም የወደድነው ያንን ሹክሹክታ ነው። «እንዲህ ቀስ ብሎ የሚዘፍን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም» ብለን እንጽፍላት ነበር፤ እኔም ጽፌያለሁ። ሹክ የምትለው ግን ሰው እንዳይነቃባት ፈርታ ነው። ፍርሃቷን እንደ ዜማ ነው የሰማንላት።

ጽጌረዳ እንልክላት ነበር፤ ላይቭ ላይ በገንዘብ ተገዝቶ የሚላክ የስጦታ ምልክት ነው። ከሌላ ሰው ጋር ባትል፣ የስጦታ ፉክክር፣ ስትገባ እንቅልፍ የሚባል የለም፣ ሁላችንም «አይዞሽ፣ እኛ አለንልሽ» እያልን ጣታችን እስኪደክም ስክሪኑን እንነካለን። አንድ ሌሊት ስለ እናቷ እያወራች አለቀሰች፤ ስጦታው እንደዚያ ሌሊት ዘንቦ አያውቅም። በማግሥቱ ዘፈኑ አነሰ፣ ወሬው በዛ። በሳምንቱ ስለ አሠሪዎቿ ማውራት ጀመረች፤ ምን እንደሚበሉ፣ ምን እንደሚሏት፣ የት እንደምትተኛ። ማንም አስገድዷት አይደለም። እኛ ግን የትኛው ወሬ ላይ ጽጌረዳ እንደምንልክ በጣታችን አስተምረናታል።

አንድ ሌሊት በወሬ መሐል የኩሽናው መብራት በራ። ፊቷ ነጭ ሆኖ ታየ፣ ዓይኗ ወደ ላይ ተነሳ፣ ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ። «ምን ሆነች?» የሚለው ጽሑፍ ለአንድ ሁለት ደቂቃ እንደ ጎርፍ ወረደ። ያለቀሱ ነበሩ፤ የለቅሶ ምልክት ብቻ ማለቴ አይደለም፣ እኔ ራሴ እጄ ተንቀጥቅጧል። ከዚያ አንድ ሰው «ሌላ ማን ላይቭ አለ?» ብሎ ጻፈ። እኔም አውራ ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ወደ ላይ ገፋሁት። ቀጣዩ ሰው መጣ። የሚያስቅ ልጅ ነበር፤ ሳቅኩ።

ልጅቷ እስካሁን አልተመለሰችም። ገጿን በየሌሊቱ እከፍታለሁ፤ የመጨረሻው ምስል እዚያው አለ።

ስለዚህ ያንን የጥበቃዎቹን ንግግር ስሰማ ፊልም አልመሰለኝም።

ከዚያ በኋላ ስለ ዝናና ስለ ቴሌቪዥን የተሠሩ የስላቅ ፊልሞችን እየፈለግሁ ማየት ጀመርኩ፤ ዲቪዲውን ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ። ሰው ስለነዚህ ፊልሞች ሲያወራ የሚያወራው ዝና ስለጠማው ሰው ነው፤ ይህ ግን ግማሹን ማየት ነው። የተሻሉት ሁሉ ዓይናቸው የሚያጨበጭበው ሰው ላይ ነው።

የማርቲን ስኮርሴዚ «ዘ ኪንግ ኦፍ ኮሜዲ»ን እንውሰድ። በ1983 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለዕይታ ሲበቃ ሰው አልገባለትም፣ ወጪውን እንኳ አልመለሰም። ሮበርት ደ ኒሮ ሩፐርት ፐፕኪን የሚባል ሰው ሆኖ ይጫወታል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ እናቱ ቤት ይኖራል፣ ምድር ቤቱ ውስጥ የዝነኞችን ምስል በካርቶን ቆርጦ አቁሞ በመሐላቸው ተቀምጦ በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ የሚደረግለት መስሎ ያወራል። እናቱ ከላይ ሆና ድምፅህን ቀንስ ትለዋለች፤ ድምፅዋ እንጂ ፊቷ አይታይም፣ ያ ድምፅ ደግሞ የራሱ የስኮርሴዚ እናት ድምፅ ነው። ሩፐርት የሚያመልከው የቴሌቪዥን ሰው ጄሪ ላንግፎርድ ፊት አልሰጥ ሲለው ጠልፎ ያግተዋል፤ የሚጠይቀው ቤዛ ገንዘብ አይደለም፣ በፕሮግራሙ ላይ ቀርቦ መቀለድ ነው። ያደርገዋል። ይታሰራል። ሲፈታ መጽሐፉ ይሸጣል፣ ሰው ያጨበጭብለታል።

ስለ ሩፐርት ብዙ ተጽፏል። እኔ ያልተረሳኝ ስሟ እንኳ ያልተነገረ አንዲት ሴትዮ ናት። ጄሪ መንገድ ላይ ብቻውን እየሄደ ነው። ሴትዮዋ ከመንገድ ዳር ስልክ ላይ ሆና ታየዋለች። ለዓለም ደስታ ነህ፣ ከጥንት ጀምሮ ነው የምከታተልህ እያለች ታመሰግነዋለች። ፊርማ ትለምነዋለች፤ ይፈርምላታል። ከዚያ ስልኩን ትዘረጋለታለች፤ የወንድሜ ልጅ ሆስፒታል ተኝቷል፣ አንድ ቃል ብቻ በለው። ጄሪ ቸኩያለሁ፣ ይቅርታ ይላታል። «ካንሰር ይያዝህ!» ብላ ከኋላው ትጮሃለች። ምርቃቱ ከአፏ ሳይደርቅ። ጄሪን የተጫወተው ጄሪ ሉዊስ ራሱ ትልቅ ዝነኛ ነበር፤ ይህም በእውነተኛ ሕይወቱ የደረሰበት ነገር ነው። ያንን አንድ ደቂቃ የማይሞላ ትዕይንት ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ለታመመ ልጅ ነው የለመነችው። ግን ሰውየውን ለዓመታት ስታየው ስለኖረች የራሷ አድርጋዋለች፤ የራሷ የሆነ ዕቃ እንቢ ሲላት ነው የተሰማት።

እኛም ልጅቷ አንድ ሌሊት ታምሜያለሁ ብላ ሳትገባ ስትቀር የጻፍንባትን አስታወስኩ። እኔ አልጻፍኩም። ሲጽፉ ግን ዝም ብያለሁ።

በ1957 እ.ኤ.አ. የተሠራው «ኤ ፌስ ኢን ዘ ክራውድ» ደግሞ ገና ቴሌቪዥን ልጅ በነበረበት ዘመን ይህን ሁሉ አይቶታል። አንዲት የሬዲዮ ጋዜጠኛ አርካንሳ ውስጥ ከእስር ቤት ወለል ላይ ያነሳችው ጊታር መቺ፣ በአንደበቱ ብቻ አገር የሚያዞር ሰው ይሆናል። በኋላ ቤቱ ውስጥ የጭብጨባ ድምፅ የሚያወጣ ማሽን ያስገባል፤ ሰው በሌለበት የሚጨበጨብለት። የሚወድቀው ስርጭቱ አልቆ ማይክራፎን የተዘጋ መስሎት፣ ተመልካቾቹን ሲሰድብ ራሷ ያነሳችው ሴት ድምፁን ስትለቅበት ነው። እሱ ሳያውቅ ሊፍት ይገባል። ሊፍቱ ከላይኛው ፎቅ እስከ ምድር እስኪወርድ ድረስ ዝናው ያልቃል። ከሊፍት ካሜራ ፊት ተቀምጬ ስለማነጋ ይሆናል፣ የፎቁ ቁጥር በወረደ ቁጥር እኔም አብሬ የምወርድ መሰለኝ።

«ኔትወርክ» የሚባለውን ፊልም ብዙ ሰው ስለሚያውቀው አልዘረዝረውም። አንድ ነገር ብቻ፤ ያ አንገታችሁን በመስኮት አውጥታችሁ ጩኹ የሚለው የዜና አንባቢ የታመመ ሰው ነው። መታመሙን ጓደኛው ይናገራል፣ አለቆቹ ያውቃሉ። ሐኪም ቤት የሚወስደው የጠፋው ተመልካች ስለጨመረ ነው።

ከሁሉም ግን ወደ ልቤ የገባው የጣሊያኑ «ሪያሊቲ» ነው፣ በማቴዮ ጋሮኔ የተሠራው። ሉቺያኖ የሚባል የናፖሊ ዓሣ ሻጭ ሰዎችን ቤት ዘግቶ በካሜራ ለሚያሳየው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ይመዘገባል። ልጆቹ ናቸው የገፋፉት። ፈተና ይሄዳል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ስልክ አይደወልም። ቀስ በቀስ ወደ ሱቁ የሚመጣ የማያውቀው ሰው ሁሉ ከቴሌቪዥኑ ተልኮ የሚሰልለው ይመስለዋል። ጥሩ ሰው መሆኔን ይዩልኝ ብሎ የቤቱን ዕቃ ለድሆች ማደል ይጀምራል። ሚስቱ አፏን ይዛ ታያለች። ቀኝ የሰጠውን ግራ አይወቅ ተብለን ላደግን ሰዎች ይህ ትዕይንት እንዴት እንደሚከብድ መናገር አያስፈልገኝም። ዛሬ በእኛም መንደር ሽልንግ ከመስጠቱ በፊት ካሜራ የሚተክል አለ፤ ተቀባይዋ እናት ፊቷን በነጠላዋ ስትሸፍን «ቀና በይ እማማ» የሚል። ሉቺያኖ ግን አታላይ አይደለም፣ ከልቡ ነው። ከላይ የሚያየው ዓይን አለ ብሎ ያምናል፤ የማን ዓይን እንደሆነ ነው የተምታታበት።

ሉቺያኖን የተጫወተው አኒየሎ አሬና ያኔ የዕድሜ ልክ ፍርደኛ ነበር። ትወና የተማረው እስር ቤት ባለ የቲያትር ቡድን ውስጥ ሲሆን ለቀረጻ የወጣው በፈቃድ ነው። ፊልሙ በ2012 እ.ኤ.አ. ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ሁለተኛውን ትልቅ ሽልማት፣ «ግራንድ ፕሪ»ን፣ ሲያገኝ እሱ ጣሊያን እስር ላይ ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ ፊልሙን ደግሜ ሳይ ዓይኑን ብቻ ነው ያየሁት። ወደ ሰማይ፣ ወደ ጎዳና፣ ወደ ገበያው ሰው ሲያይ እንደሚጠግብ ሰው አያይም። ዕለት በዕለት በዘብ ዓይን ሥር የሚውል ሰው፣ እባካችሁ እዩኝ የሚል ሰው ሆኖ ሲጫወት፣ ያ ዓይን ከየት እንደመጣ ገባኝ።

ንጋት ላይ የሚተኩኝ ጋሼ አሉ። ጎንደር ውስጥ አስተማሪ ነበሩ፤ ቀደም ብለው ቡና በፔርሙዝ ይዘው ይመጣሉ። አንድ ቀን ደርሰው «ምን እያየህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረ?» አሉኝ። የ«ትሩማን»ን መጨረሻ አሳየኋቸው። ቆመው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠግተው አዩ። ጥበቃዎቹ ጋ ሲደርስ አልሳቁም፣ ምንም አላሉም። ሲያልቅ ስልኩን መለሱልኝና፦

«ለመሆኑ ይሄ ልጅ ወረቀት አለው?» አሉ።

አልገባኝም ነበር።

«ስሙን ያወጡለት እነሱ፣ ያሳደጉት እነሱ። ነገ ሥራ ልግባ ቢል ፎርሙ ላይ ምን ብሎ ይሞላል? ሰላሳ ዓመት የት ነበርክ ቢሉት? ሰዉ ሁሉ ያውቀዋል፣ እሱ አንድ ሰው አያውቅም። ከበሩ ወዲያ ጨለማ ነው ያሳዩን።»

ይህን ሁሉ ሰው ስለዚያ ፊልም ሲያወራ ሰምቼ፣ ይህን የጠየቀ አላጋጠመኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ሁለት ጊዜ ሲያመልጥ አይቼ ሁለት ጊዜ ደስ ብሎኛል፤ የት እንደሚያድር አላሰብኩም።

መልሼ ከፈትኩላቸውና ሲልቪያን አሳየኋቸው። ድሮ እውነቱን ልትነግረው ስትል ጎትተው ከስቱዲዮው ያስወጧት ልጅ ናት። ትሩማን በሩን ሲያልፍ እሷ ከቤቷ ተነስታ ትሮጣለች። ወደ እሱ እንደሆነ ያስታውቃል።

ጋሼ መነጽራቸውን አወረዱ። «እንግዲያው ተቀባይ አለው» አሉ። «እኔ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስወርድ የጠበቀኝ አንድ ሰው ነው። ካፖርት ይዞልኝ ነበር።»

መግቢያው ላይ የመኪና መብራት ታየ። ከወንበሩ ተነሳሁላቸው፤ ቡናውን ቀድተው አቀበሉኝና ተቀመጡ።